ጉበት ላይ የቀረው መድኃኒት

ይድረስ ለልጄ ለፀደይ፣

ከዚህ እስከ ጀርመን ያለውን አገር ሁሉ የሚሞላ ሰላምታ ልኬልሻለሁ። እንዴት ነሽ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? ባልሽስ፣ የልጅ ልጄ ሄርመላስ ደህና ናቸው? እኔ ጉልበቴ ቢያምፅብኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። በድምፅ ብልክልሽ ሆዴ ስለሚባባ በእጄ ጻፍኩት፤ ፊደሉ ቢጣመም ታገሺው። ሰሊጥ የሚጭነው ሹፌር ታምሬ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል።

ምርምርሽን ትተሽ መጋዘን ልትቀጠሪ፣ በደመወዙም ከዚህ ከሱዳን ጦርነት ልታወጪኝ ማሰብሽን ሰማሁ። አይሆንም።

ምርምርሽ በገባኝ መጠን፣ የሰውም የከብትም ሕዋስ በዓይን የማይታይ ከረጢት ይጥላል። እናንተ ከላም ወተት ትለቅሙትና መድኃኒት ትሞሉበታላችሁ፤ ወደ በሽታው ብቻ እንዲሄድም ላዩ ላይ ምልክት ታደርጉበታላችሁ። ይህን ለታምሬ ባወራው፣ «አያ ወልዴ፣ ልጅህ በነቢያት ጾም ወተት ልታጠጣን ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ ጾመኛ! ዶካ ከተማ ጥብስ ስታዝ ያላየሁህ መሰለህ?» አልኩት። በሞከራችሁባቸው አይጦች ላይ ከረጢቱን ሳንባ ሳይደርስ ጉበት ይዞ እንዳስቀረው ስነግረው ግን ሳቁን ተወ። «እኔንስ ስንት ኬላ አስቀርቶኛል፤ መንዳት ተውኩ እንዴ?» አለ።

እናትሽን አስቢ። የሳንባዋ ካንሰር መድኃኒት ጠጉሯንም አንጀቷንም አብሮ ሲያቃጥል አይተሻል። መጨረሻ ላይ ውሃ እንኳ አልረጋላትም። «መድኃኒት የሚሄድበትን ማወቅ አለበት» ብለሽ የተነሳሽው ያኔ ነው። ጉበት አስቀረው ብሎ መተው ምን የሚሉት ነው? ምልክቱን ለውጡት፤ እንደገና ሞክሩ።

ሰበቡ እኔ ከሆንኩ ሰበቡን አነሳልሻለሁ። ከድንበሩ ወዲያ መተማ ያለችው አክስትሽ አሰጋሽ ቤቴ ግባ ስትለኝ ኖራለች። በርስት ከተጣላን ወዲህ ደጇን ላልረግጥ ምዬ ነበር። ትናንት ደወልኩላት። «አንተ ግትር፣ አለህ እንዴ?» አለችና አለቀሰች። እዚያም ሰላሙ የተሟላ አይደለም፤ ቢሆንም ከእህቴ ጋር እሆናለሁ። እሁድ በታምሬ ሎሪ እነሳለሁ። ለአሰጋሽ «ልጄ ሥራዋን አልተወችም» ብያታለሁና እንዳታሳፍሪኝ።

ለባልሽ ለአማኑኤል ሰላም በይልኝ፤ እሱም እንዳትተዪ ይጨቅጭቅሽ። ሄርመላን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ሻይ የምትሸጠው ጎረቤቴ ኡምሰልማም «ለቢንትህ፣ ለልጅህ፣ ሰላም በልልኝ» ብላለች።

አባትሽ ወልደ ማርያም
ባሱንዳ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.