ከባድ ብረቱን ወስደው ሙዚቃውን ስለተዉልኝ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
በመሬት ወለሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከራስዎ ማስታወቂያ ጎን የተለጠፈ

ክቡርነትዎ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ ደረጃ ሲወጡ እንዳያስቸግርዎ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ እንዲሆን፣ የምግብ ፍላጎትዎም ሰሞኑን ባሳለፉት ውሳኔ የተነሣ እንዳይቀንስ ከልቤ እመኛለሁ። የሕንፃው ሰው ሁሉ «ሲስተር» እያለ የሚጠራኝ አዋላጅ ነርስ ስለሆንሁ፣ በሙያዬ አንድ ምክር ልለግስዎ፦ ይህን ደብዳቤ ተቀምጠው ያንብቡት። ስለ ክብርት እናትዎ ጤና ግን አሳብ አይግባዎ፤ ደም ግፊታቸውን ሊያስለኩ ወደ እኔ እንደሚመላለሱ ራሳቸው ነግረውዎታልና በዚያ በኩል ደኅና እጅ ላይ ናቸው።

ሰሌዳው የሁሉም ስለሆነ፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ልጀምረው። እኔ ከሥራ ስመለስ በሳሎኔ ውስጥ ያረጁ ብስክሌቶችን እየፈታሁ፣ ዝገታቸውን እየፋቅሁ፣ የአንዱን ቸርኬ ከሌላው መሪ ጋር እያዛመድሁ የምገጣጥም ሰው ነኝ። ይህን ስሠራ ሄቪ ሜታል የሚባለውን፣ ጊታሩ የሚያጓራበትንና ዘፋኙ የሚያገሳበትን ሙዚቃ እሰማለሁ። ብዙዎች አንዲት አዋላጅ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ትሰማለች ብለው ይገረማሉ። ቀኑን ሙሉ በጩኸት መካከል ለሚውል ሰው ግን «አይዞሽ፣ ግፊ» እንድለው የማይጠብቅ ጩኸት መስማት ትልቅ ዕረፍት ነው።

በቅርቡ በተደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ እኔ ተረኛ ሆኜ ሳልገኝ፣ ከእኔ በላይ የሚኖሩት የሂሳብ መምህር ተነሥተው «ከሲስተር ቤት ሄቪ ሜታሉ በዝቷል፤ ግድግዳው እየተንቀጠቀጠ ነው» ብለው አመለከቱ። እውነታቸውን ነው፤ በሬን ቢያንኳኩ ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ እቀንሰው ነበር። እርስዎ ግን በቃለ ጉባኤዎ ውስጥ ባዕድ ቃል ላለማስገባት የማሉ ሰው ነዎትና፣ የመምህሩን አቤቱታ በተጣራ አማርኛ «ነዋሪዋ በቤቷ ባከማቸችው ከባድ ብረት ምክንያት የሕንፃው ግድግዳ እየተናጋ መሆኑ» ብለው መዘገቡት። ቀጥሎም «ከባድ ብረቱ ከሕንፃው በአስቸኳይ እንዲወገድ» የሚል ውሳኔ በጭብጨባ አጸደቁ። መምህሩም አብረው እንዳጨበጨቡ ሰምቻለሁ።

ከሥራ ስመለስ ሳሎኔ ባዶ ነበር። ከተወሰዱት ብስክሌቶች ውስጥ የእኔ ስለሆኑት ይቅር ብዬዎታለሁ። አንዷ፣ አረንጓዴዋ ግን የሰው አደራ ነበረች፤ ይህ ሁሉ ቀለም የሚፈስሰውም ስለ እሷ ነው። ወደ እሷ ከመድረሴ በፊት ግን ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ለቋንቋችን ስላበረከቱት አገልግሎት አመሰግናለሁ። «ሽቅብ ወጪ ቁልቁል ወራጅ ሳጥኑ ለጊዜው አገልግሎት አይሰጥም» የሚለውን ማስታወቂያዎን አንብቤ እስክጨርስ በእግሬ ሦስተኛ ፎቅ እደርስ እንደነበር አልክድም፤ ቢሆንም ሊፍት ማለት ለእርስዎ ምን ያህል እንደሚከብድዎ ስለማውቅ ታግሼ አንብቤዋለሁ። ጄኔሬተሩን «መብራት አዋላጅ» ብለው የሰየሙት ጊዜማ የሙያ ባልደረባ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ እሱም እንደ እኔ ሰው ሲጨንቀው ብቻ ነው የሚታወሰው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ይኸውም አንድን ቃል ከመተርጎሙ በፊት ምን ማለት እንደሆነ የመጠየቅ ልማድ እርስዎ ከሠሩበት መሥሪያ ቤት የተከለከለ ነበር ወይ የሚለው ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ አፈጻጸሙ ጥራት። የእሳት አደጋ ቢነሣ ተብሎ ለጥበቃው በተሰጠው ቁልፍ በሬ ተከፍቶ፣ ቆራሌው ከነጋሪው ሳሎኔ ድረስ እንዲገባ ተደርጓል። ቴላዮዎቹን (ይህን ቃል እንደማይወዱት ስለማውቅ «ዐጽመ ብስክሌት» ብለው ያንብቡት)፣ ቸርኬዎቹን፣ ካቴናዎቹን፣ ጠረጴዛዬ ላይ በጨርቅ ጠቅልዬ ያስቀመጥኋቸውን ኩሽኔታዎች ሳይቀር ጠራርገው ሲወስዱ፣ ቆራሌው ወደ ሁለቱ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች አመልክቶ «እነዚህስ?» ብሎ ጠይቆ ነበር አሉ። ጥበቃውም «እነሱ እንጨትና ፕላስቲክ ናቸው፤ ትእዛዙ ብረት ነው የሚለው» ብሎ መለሰለት። እንዲያውም አቧራቸውን ወልውሎ ከግድግዳው ጋር አስተካክሎ አቁሟቸዋል። ለዚህ ጨዋነቱ እሱን አመሰግናለሁ፤ የተጻፈለትን ከማንበብ በቀር ምንም አላጠፋም።

ሦስተኛ፤ ስለ ውጤቱ። አባቶች «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ሲሉ እርስዎን ሳያዩ መናገራቸው ይገርመኛል። ክቡርነትዎ፣ ብስክሌቶቹ ሳሎኑን ሞልተውት ሳለ ድምፁን ይውጡት ነበር። አሁን ክፍሉ ባዶ ነው፤ ከበሮው ከአንዱ ግድግዳ ተነሥቶ ወደ ሌላው ይላተማል፣ ከዚያም ወደ መምህሩ ይወጣል። ትናንት ደረጃ ላይ ስንገናኝ ዐይናቸው ደም ለብሶ ነበር። በውሳኔው መሠረት ከባድ ብረቱ ከሕንፃው መወገዱን፣ የቀረው ሙዚቃ ብቻ መሆኑን፣ ሙዚቃን የሚመለከት አንድም አቤቱታ በቃለ ጉባኤው ውስጥ እንደሌለ በትሕትና አስረድቻቸዋለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሲያመለክቱ ቃሉን እንዴት እንደሚሉት ከአሁኑ ተለማምደው እንዲመጡም መክሬአቸዋለሁ።

አራተኛውን ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ስለ ጭንቅላትዎ ይዘት ነበር፤ በኋላ ሳስበው በባዶ ነገር ላይ ተራ ቁጥር ማባከን መሰለኝ።

አምስተኛ፤ አረንጓዴዋ።

በዚህ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው ያመጡልኝ። ከምድር ቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ አውጥተው፣ በአሮጌ አንሶላ ሸፍነው፣ ማንም እንዳያያቸው እየተገላመጡ በሬ ላይ ቆሙ። የሟች የትዳር ጓደኛቸው ብስክሌት ናት። ለልጃቸው የልደቱ ቀን ሲደርስ አሠርተው ሊሰጡት ነበር ያሰቡት፤ «ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከሰው ሁሉ ይጣላል፤ ነፋስ ቢያገኘው ይሻለው ይሆናል» አሉኝ። ጆሯቸው ደክሟልና ስንነጋገር እንጮሃለን። እኔ ስሠራ እሳቸው በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ ያሳርፋሉ። «ሌላው ዓለም ዝም ካለኝ ቆየ፤ ይሄ ብቻ እጄ ላይ ይሰማኛል» ይሉኛል። አንዳንዴም ስለ ዘፋኙ ይጨነቃሉ፤ «ምን በድለውት ነው እንዲህ የሚጮኸው፣ ልጄ?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔም ጎረቤቱ ቤት ሰብሮበት ነው ብዬ እቀልድ ነበር፤ ቀልዱ ወደ እኔው እንደሚዞር አላወቅሁም።

አዛውንቱ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቀውኝ ነበር። «ዝገቱን ፋቂ፣ ቀለሙን ቀቢ፣ ይህችን ግን አደራ እንዳትነኪ» ብለው ከኮርቻው ፊት ያለውን አግዳሚ ቧንቧ አሳዩኝ። ልጁ ትንሽ ሳለ አባቱ በዚያች ቧንቧ ላይ ፊቱ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርሰው ነበር። ልጁም በዕለቱ የተማራትን ፊደል መንገድ ላይ በምስማር ይጭርባት ነበር። ሀ አለች፤ ሁ አለች፣ ቅጥሏ በቀኝ መውጣት ሲገባው በግራ ወጥቶ፤ ሂ አለች፣ መጨረሻዋ ብስክሌቷ ጉድጓድ የገባችበትን ቦታ የምታሳይ ይመስል ተንሸራትታ። አባትየው ብስክሌቷን ዕድሜውን ሙሉ ሳያስቀባት የሞተው ለእነዚህ ጭረቶች ሲል ነው። እኔም በፊደሎቹ ዙሪያ ያለውን ዝገት በጥርስ ብሩሽ ነው የፋቅሁት። ሙዚቃውን የማጠፋው የቸርኬዋን ራጂዎች ስወጥር ብቻ ነበር፤ እያንዳንዷን ሽቦ በጥፍሬ እየመታሁ ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ እስኪሰጡ አዳምጣቸው ነበር። አልቃ ነበር፣ ክቡርነትዎ። የቀራት ኮርቻዋን ማሰር ነበር።

ሳሎኔን ባዶ እንዳገኘሁት ወደ ቆራሌው ግቢ ሮጥሁ። ሰውየው አልዋሸኝም፤ «ሲስተር፣ እሷማ ከሁሉ ቀድማ ገባች» ብሎ ከመጭመቂያው ሥር የወጣውን የብረት ጡብ አሳየኝ። ረዥም ስለነበረች አስቀድመው በመጋዝ ቆርጠዋታል። ከመጋዙ ሥር፣ ከብናኙ መካከል፣ ጣት የምታህል የቧንቧ ቁራጭ አገኘሁ፤ ቅጥሏ በግራ የወጣው ሁ ብቻዋን አለችባት። እዚያው ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ ይህን ለማንም አልደብቅም። በእጄ የተቀበልኋቸው ሕፃናት ሁሉ ለእናቶቻቸው ተመልሰዋል፤ አደራ በላ ያደረጉኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።

ከግቢው ተመልሼ በርዎን ሳንኳኳ በግማሽ ከፍተው፣ ነገሩን ሳልጨርስ «ብረት ብረት ነው፤ ቅሬታ ካለሽ በጽሑፍ አቅርቢ» ማለትዎን ያስታውሳሉ። እነሆ፣ ታዛዥ ነዋሪ ስለሆንሁ በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። ቃላቱንም በተቻለኝ መጠን ከባዕድ አጽድቻለሁ።

የማኅበሩን ወንበር ለረዥም ዘመን እንዲሞሉት፣ ከወንበሩ ሲነሡም የሚቀመጥበት ሰው ወንበሩ ባዶ በነበረበት ዘመን ሥራው እንዴት ከዚህ የተሻለ ይሄድ እንደነበር የሚያስታውስ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለግርማዎ ከሚገባው ዝቅታ ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ብረት አልባዋ ሲስተር

አባሪ፦ አንድ ቀላል ብረት፤ በመልእክት ሳጥንዎ ውስጥ ተቀምጧል።

ግልባጭ፦ ለሂሳብ መምህሩ፣ ለጥበቃው። ለክብርት እናትዎ ግልባጭ አልተደረገም፤ ደብዳቤውንም ከእርሳቸው ቁመት ከፍ አድርጌ ለጥፌዋለሁ።

ማሳሰቢያ፦ በርዎን በግማሽ ከፍተው «ብረት ብረት ነው» ሲሉኝ እናትዎ ከጀርባዎ ቆመው ነበር። ምን እንደምንባባል ስላልሰሙ፣ ምስጢራቸውን ላወጣባቸው የመጣሁ መስሏቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ለመኑኝ፤ ቀጥለውም በሁለት እጃቸው ፔዳል የሚመታ ሰው አስመስለው «አለቀች?» ብለው በምልክት ጠየቁኝ። ዝም ብዬ የተመለስሁት ለእርስዎ አዝኜ አይደለም። እሑድ ልደትዎ ነው፤ መልካም ልደት። ሳጥንዎ ውስጥ ያለችውን ቁራጭ ወደ ብርሃን ጠጋ አድርገው ይመልከቷት፤ በሕይወትዎ መጀመሪያ ከጻፏት አማርኛ የተረፈችው ናት፤ ቀሪዋን የመጨረሻው ትርጉምዎ በልቷታል። አደራውን ለባለቤቱ ስላስረከብሁ ከዚህ በኋላ እናትዎ ብስክሌቷ የት እንደደረሰች ቢጠይቁኝ ወደ እርስዎ እመራቸዋለሁ። የሕንፃው ሰው ወሬ እንደማያሳድር ያውቃሉና፣ ከሌላ አፍ ሳይሰሙ ቢነግሯቸው ይሻላል፤ ጮክ ብለው፣ ምናልባትም ደጋግመው መናገር ይኖርብዎታል። ደም ግፊታቸውን በተመለከተ ደግሞ፣ እኔ ዘንድ ይመጡ የነበረው ለብስክሌቷ ነውና አንድ ቀንም ለክቼላቸው አላውቅም። ሲነግሯቸው ይጥሩኝ፤ መለኪያውን ይዤ እወርዳለሁ።