ጽዋውን ለእሱ ሰጠሁት

ለሆዴ፣ ለይታይሽ፤

ከተለየሽኝ ስድስት ወር ከሁለት ሳምንት ሆነ። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔ የአንቺን ጤና መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነበር፤ አሁን ምን ብዬ ልጠይቅሽ? እንግዲያው የእኔን ልንገርሽ። ደህና አይደለሁም። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሐዘን ቀስ በቀስ ይቀላል ይለኝ ነበር፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ያቆመኝ ሐዘኑ አይደለም፣ ንዴቱ ነው። እህል የሚያስበላኝ፣ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሣኝ እሱ ነው። ትናንት ግንቦት ሃያ አንድ ማርያም ነበረች። ሳታወጪው የሄድሽውን የማኅበር ተራሽን አውጥቼልሻለሁ። እንዴት እንዳወጣሁት እንድታውቂ ነው የምጽፈው።

በአማርኛ የምጽፍልሽ እንደለመድነው ብዬ ነው። ደጅ ወጥቼ ቀኑን ሙሉ በትግርኛ ስነጋገር እውልና ቤት ስገባ ከጎንደር ይዘሽው የመጣሽው አማርኛ ይቀበለኛል። “ሐ”ን ከጉሮሮዬ ሳወጣት “ምን አነቀህ ደግሞ?” እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳቅሽ፤ እኔም አልተሻሻልኩም።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮው በለስ አብቧል። ልጃችን ሰናይት ከሥራ መልስ እየመጣች ታበስልልኛለች፣ ጨው ታበዛለች፣ አልናገራትም። ከፍሪጁ በር ላይ የተደረደሩትን የኢንሱሊን ጠርሙሶች ለቸገረው ሰው እንስጥ ብላኝ ሰጠናቸው። አንዷን ብቻ አስቀረሁ። ስለ እነዚያ ጠርሙሶች እንዳልናገር ነበር፣ ግን ካልተናገርኩ ምን ልጽፍ ነው?

መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በመቐለ ፋርማሲዎች መድኃኒት የለም ሲባል የከረምንበትን ጊዜ አስታውሺ። አንዲት ጠርሙስ ይዘን፣ ፍሪጅ የለም፣ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ማሰሮ ቀብረን እዚያ ነበር የምናስቀምጣት። መጠኑን ከግማሽ በታች አድርገሽ ትወጊ ነበር። ከንፈርሽ ደርቆ፣ ዐይንሽ ጎድጉዶ፣ እኔ አልጋሽ ሥር ተቀምጬ ሳለቅስ ያልሽኝን አልረሳም፤ “ሞት ከፈለገኝ መጥቶ ይውሰደኝ እንጂ እኔ ተነሥቼ አልሄድለትም” አልሽ። አጆኺ፣ አይዞሽ ልልሽ የመጣሁት ሰውዬ በአንቺ ቃል ተጽናንቼ ወጣሁ። በኋላ አውሮፕላን ማረፊያው ተከፍቶ የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ስታርፍ እኔ እዚያው በምሠራበት ጄኔሬተር ቤት ነበርኩ፤ እጄን ሳልታጠብ፣ ግራሶ እንደተቀባሁ ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከእንግዲህ ይታይሽ አትሞትም አልኩ።

መድኃኒት በሌለበት ዘመን ያልሞትሽ ሴት ፍሪጁ ሞልቶ ሞትሽ። ለዚህ ማንን ልክሰስ?

እሱን ነዋ። ስሙን አልጽፈውም፤ ከስምሽ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ማየት አልፈልግም። ቢጫ ቀሚስ ለብሶ፣ ጠጉሩን አሳድጎ፣ የእንጨት መስቀል አንጠልጥሎ የመጣው ሰው ነው። ማዕርግ የሰጠው ጳጳስ የለ፣ የሚያውቀው ደብር የለ፤ ባሕታዊ ነኝ ያለው ራሱ ነው። እናንተ ማኅበርተኞቹ እንዴት እንዳመናችሁት ግን አልፈርድባችሁም። ጦርነቱን አይተናል፣ አንበጣውን አይተናል፣ ረኀቡን፣ በሽታውን አይተናል፤ እሱ መጥቶ እነዚህን አንድ በአንድ እየቆጠረ “ከዚህ በኋላ ምን ቀረ?” ሲል አንገት መነቅነቅ ይቀል ነበር። አንቺም የምትሠሪበት የልብስ ፋብሪካ ተዘግቶ፣ እጅሽ ሥራ ፈትቶ ተቀምጠሽ ነበር። ሥራ የፈታ ልብ ወሬ አያጣም።

እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ ይታይሽ። ጌታ ዳግመኛ ይመጣል ብዬ ከልጅነቴ ጀምሮ በጸሎተ ሃይማኖት ስመሰክር ኖሬያለሁ። ይመጣል። ግን ቀኗን ከአብ በቀር የሚያውቃት እንደሌለ የነገረን ራሱ ጌታ አይደለም እንዴ? መላእክት ያላወቋትን ቀን በዓዲ ሓቂ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ከየት አወቃት? የነፍስ አባታችን ቀሺ ሁልጊዜ የሚሉት ይኸው ነው፤ እንጠብቃለን እንጂ አንቆጥርም። የእያንዳንዱ ሰው ምጽአት የሞቱ ቀን ናት ይላሉ ደግሞ። ያ ውሸታም በዓለም ሁሉ ላይ ዋሽቶ በአንቺ ላይ ብቻ እውነተኛ ሆነ።

የሆነውን የነገሩኝ የማኅበራችሁ መሪ፣ ሙሴያችሁ አደይ ለተብርሃን ናቸው፤ በአርባሽ ዕለት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። ልማዱን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው ይግባው ብዬ ነው የምጽፈው። በየወሩ በሃያ አንድ በአንዳችሁ ቤት ተሰብስባችሁ የማርያምን ጽዋ ትጠጣላችሁ። ስትበተኑ ተረኛዋ ጽዋውን ተቀብላ ቤቷ ትወስደዋለች፤ የተቀበለችም በወሩ ትደግሳለች። ጽዋ የተቀበለ ሰው የሚመጣውን ወር እኖራለሁ ብሎ ለእመቤታችን ቃል ሰጠ ማለት ነው። በጥቅምቱ ማኅበር ያ ሰው ተጋብዞ መጣና “የኅዳር ጽዮንን አናያትም” አላችሁ። ቀን ቆርጦ! አንቺም፣ አደይ ለተብርሃን እንዳሉኝ፣ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተሽ “አባቴ፣ የስኳር መርፌ እወጋለሁ፣ ልተወው ወይ?” ብለሽ ጠየቅሽው። እሱ ምን አለሽ? “ሙሽራው ደጅ ቆሞ አንቺ መብራትሽን በመርፌ ልታበሪ ነው?” እዋይ! ሰው ሁሉ እልል አለ አሉኝ።

ከዚያ ጽዋው ተነሣ። ማን ይቀበል? የተረኛዋ ልብ ፈራ፤ ዓለም ሊያልፍ ነው፣ ለማን ትደግስ? ሌላዋም ዐይኗን ሰበረች። አደይ ለተብርሃን ራሳቸው ሊቀበሉት እንዳፈሩ አልደበቁኝም። አንቺ ተነሥተሽ “የእመቤቴ ጽዋ ሜዳ ላይ አይቀርም” ብለሽ ተቀበልሽው። አየሽ፣ የማልምረው ለዚህ ነው። በአንድ እጅሽ መርፌውን ጥለሽ በሌላው እጅሽ የኅዳርን ድግስ ተቀበልሽ። ግማሽሽ መኖር ይፈልግ ነበር። እሱ ያንን ግማሽ ነው የገደለው።

እኔስ? የእኔን ጥፋት አልሸሽግሽም። የስፌት መኪናሽን ለጎረቤት ስትሰጪ “ደግነትሽ በዛ” ብዬ ቀለድኩ። በየሳምንቱ ከሥራ ስመለስ ፍሪጁን ከፍቼ ጠርሙሶቹ አለማለቃቸውን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ተመስገን፣ ዘንድሮስ ተርፎናል አልኩ። መድኃኒት የማያልቀው የሚወስደው ሲጠፋ መሆኑን አለማሰቤ! ጄኔሬተር ድምፁ ሲለወጥ ከሩቅ የምለይ ሰውዬ አጠገቤ የተኛችው ሚስቴ ስትጠፋ አልሰማሁም። ሐኪሙ ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ ሲለኝ መሬቱን ነበር የማየው። በኅዳር ስምንት ሄድሽ። ሃያ አንድ ቀን ጽዮን ተከበረች፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ መንገዱን ሞላው፣ ፀሐይ ወጣች፣ ታክሲው ሰው ጫነ። ዓለም አላለፈችም።

በአርባሽ ማግስት ዓዲ ሓቂ ሄድኩ። በትሬን ይዤ ነበር፣ ለመመርኮዝ አልነበረም። ደጁ ላይ ተማሪዎች ሰብስቦ ያስተምራል። ከአርባ ቀን በፊት ሚስቴን ቀብሬያለሁ ስለው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? “እኅታችን ዕድለኛ ናት፣ ቀድማን ገባች” አለኝ። ቀኑስ? ስለው በጸሎታችን ተራዘመ አለ። መርፌዋንስ? ስለው “እኔ መድኃኒት ተዪ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም” አለ። በትሩን አነሣሁ፤ ተማሪዎቹ አዩኝ፤ ልጆች ናቸው፣ ከየሀገሩ እናታቸው የላከቻቸው። ብመታው ሰማዕት አደርግላቸው ነበር። በትሬን አወረድኩና ተመለስኩ። ጽዋሽ ግን ቤታችን በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጦ ነበር፣ ማኅበሩም ካንቺ ወዲህ አልተሰበሰበም፤ ጽዋውን እያየሁ አምስት ወር አሰብኩ።

ቀሺ በትር ይዤ መሄዴን ሲሰሙ ተቆጡኝ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሉኝ፤ በቀል የእግዚአብሔር ነው አሉኝ። ጌታ እስኪመጣ እኔ ልጀምርለት አልኳቸው። ሰናይትም “አባ ተወው፣ እማዬ አትመለስም” ብላ አለቀሰች። ልክ ናት፣ አትመለሺም። እኔም አንቺን ለመመለስ አልነበረም።

በዚህ መካከል ያ ሰው አዲስ ቀን አወጣ፤ “የሰኔን ማርያም አናያትም” ማለት ጀመረ። ስሰማ እግዜር ይይልህ አላልኩም፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለአደይ ለተብርሃን የይታይሽን ተራ በግንቦት ሃያ አንድ አወጣለሁ፣ መምህሩንም ጥሩልኝ አልኳቸው። ፊቴን አይተው እሺ አሉኝ።

ድግሱ ባይጣፍጥም አላሳፈረሽም። ስዋው፣ በአንቺ አፍ ጠላው፣ ትንሽ ጎመዘዘ፣ ሕምባሻው በአንድ ጎኑ አረረ፤ ሰናይትና እኔ የቻልነው ይኸው ነው። ሁሉም መጡ። እሱም መጣ፣ ከፍ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ሁለቴ አስቀድቶ ጠጣ፣ ከዚያ ስለ መጨረሻው ዘመን አስተማረ። የሰኔን ማርያም እንደማናያት በቤትሽ፣ በፎቶሽ ሥር ቆሞ ተናገረ። እስኪጨርስ አዳመጥኩት። ቀሺ ጸሎቱን ሲያሳርጉ ተነሣሁ። ጽዋውን በሁለት እጄ ይዤ የሚስቴ ተራ በዚህ ተፈጸመ አልኩ። የሰኔው ተረኛ ይነሣ ሲባል ሁሉም ተያዩ፤ ያኔ ቀጥ ብዬ ወደ እሱ ሄድኩና መምህራችን አዲስ ማኅበርተኛ ይሁኑልን፣ የሰኔን ማርያም እሳቸው ይቀበሉልን፣ በእመቤታችን ስም ብዬ ዘረጋሁለት።

ይታይሽ፣ ያንን ፊት ብታዪው! በእመቤታችን ስም የተዘረጋ ጽዋ ሲመለስ በዚህ ከተማ ማን አይቶ ያውቃል? ቢመልሰው ከዚያ ቤት ሲወጣ የሚያሳልመው ሰው አያገኝም። ቢቀበለው ደግሞ ሰኔ አለ ማለቱ ነው። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ጺሙ ውስጥ ገባ። ቀሺ እንኳ ከለከሉኝ ወይ? መሬት መሬት ነበር የሚያዩት። በመጨረሻ እጁን ዘረጋ። ጽዋውን ቀጥ አድርጌ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ተቀብሎም ቀስ ብሎ “እግዚአብሔር ካቆየን” አለ።

ካቆየን! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አደይ ለተብርሃን ሰሙት፣ ሁሉም ሰሙት። እሳቸው ተነሡና ድምፃቸውን ሳያነሡ “ይህችን ቃል ለይታይሽ ብትነግራት ምን ነበረበት?” አሉት። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ፤ በአርባሽ ቀን ያላለቀሱትን ትናንት አለቀሱት። ካቆየን ማለት አንዲት ቃል ናት። ያኔ ያንን ብትሰሚ ወደ ቤት መጥተሽ መርፌሽን ወግተሽ፣ ጽዋሽን ሸፍነሽ፣ ለኅዳር ብቅል ታሰጪ ነበር።

በልማዱ መሠረት ጽዋውን ይዞ እስከ ዓዲ ሓቂ በእግሩ ሄደ፤ እኛም ተከትለን አደረስነው። ከኋላው እየሄድኩ ጀርባውን ሳይ አላዘንኩለትም። እንዳዝን አትጠብቂኝ። አንቺ ይቅር ብለሽው ይሆናል፣ እዚያ ያላችሁበት ቦታ ለይቅርታ ይመቻል ይባላል። እኔ ገና መቐለ ነኝ።

ጽዋው የነበረበት ቦታ ባዶ ሲሆን ከፍሪጅ ያስቀረኋትን ጠርሙስ አምጥቼ በነጩ ጨርቅ ሸፈንኳት። በተራሽ እኔ ማኅበርተኛ ሆኛለሁ፤ አደይ ለተብርሃን ስሜን አስገብተውልኛል። በማኅበራችን ጽዋው ከመዞሩ በፊት የሞቱት ማኅበርተኞች ስም ይጠራል፣ የሚደግሰው የቤቱ ባለቤትም ጮክ ብሎ ነፍስ ይማር ይላል። በሰኔ ባለቤቱ እሱ ነው። ስምሽን የምጠራው እኔ ነኝ። ነፍስ ይማር ሲል አፉን አየዋለሁ። ድምፁ ካነሰ አልሰማሁም ብዬ እደግመዋለሁ።

ከዚያም ሐምሌ አለ፣ ነሐሴ አለ። እሱ ቀን መቁጠር ይወዳል፤ እኔ ወር አስቆጥረዋለሁ። የትም ቤት ቢደገስ፣ እሱ ባለበት ስምሽ ሳይጠራ ጽዋ አይዞርም። ጌታ ነገ ቢመጣ ደግሞ እሰየው፤ ሁላችንም እፊቱ እንቆማለን፣ እኔ የምናገረው አለኝ። ካልመጣ ግን፣ ሆዴ፣ ሰኔ ሃያ አንድ ከሰዓት በኋላ የዓዲ ሓቂውን በር የማንኳኳው እኔ ነኝ።

ባልሽ