አጀንዳ አራት፦ የሊቀመንበሩ ጉዳይ

ጥቅምት 6፣ ዓርብ

ሳል የያዘው ሰው ሁሉ ዛሬ የእኔን ፋርማሲ የመረጠ ይመስል... ሽሮፕ አለቀ። ቁጭ ሳልል ዋልኩ።

ጋሼ ሦስቴ ደወሉ። ስለ አዲሱ መረብ። ሦስቱንም ጊዜ እንደ አዲስ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ መረቡን የምናደርሰው በአንቺ መኪና ነው፣ እንዳትረሺ።» እሺ ጋሼ። እሺ ጋሼ። በሦስተኛው ሳቄ መጣ፤ ስልኩን ስዘጋ ግን ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

ሰው ሁሉ «አባ ፊሽካ» ነው የሚላቸው። የአካባቢያችን የመረብ ኳስ ማኅበር ሊቀመንበር ሆነውም ፊሽካዋን ካንገታቸው አላወለቁም፤ ስብሰባ ላይ ክርክር ሲጋጋል ይነፏታል። የኮሚቴያችን አባል የሆነው ጠበቃ አንዴ «ክቡር ሊቀመንበር፣ እኔ እኮ መስመር አልረገጥኩም» ብሎ አሳቀን። እኔን በአሥራ አምስት ዓመቴ ኳስ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ኮሚቴው ውስጥ ጸሐፊ አድርገው ያስገቡኝም እሳቸው፣ የተቃወመውን ሁሉ በፊሽካ ዝም አሰኝተው።

ጥቅምት 8፣ እሁድ

ዝናብ። ሁለት የሴቶች ቡድን ከሩቅ መጥተው አዳራሹን ተቆልፎ አገኙት። ጨዋታው ለሌላ እሁድ ነበር። ልጆቹ ጣሪያው ጠርዝ ሥር ተደርድረዋል፣ ጫማቸው ርሷል፣ አንዷ ትንቀጠቀጣለች። አንዲት እናት እኔን ይዛ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው።

ጋሼ መጡና ተቆጡ። «ማነው ዛሬ ነው ያላቸው?»

እሳቸው ናቸው ያሏቸው። ሲደውሉ አጠገባቸው ነበርኩ። ቀኑን ልብ አላልኩትም... ወይስ ሰምቼ አለፍኩት? መርሐ ግብሩን ለማንም አይሰጡም፤ «በጭንቅላቴ ነው የያዝኩት» ይላሉ። ሰው ሁሉ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ጥቅምት 10፣ ማክሰኞ

ጠበቃው ፋርማሲ መጣ። የራስ ምታት ኪኒን ገዛ፤ ራሱን እንዳላመመው ያስታውቃል። ሌላው ገዢ እስኪወጣ ጠበቀና ጀመረ።

«ማንም አይጠላቸውም። ግን አንዷ ልጅ ብትታመምብንስ? ይውረዱ። በክብር።»

«በክብር ማለት?»

«ቀድሞ ሰው ሹክ ይበላቸው። ራሳቸው ለቅቄያለሁ ካሉ እሰየው። ካላሉ በሚመጣው ማክሰኞ ስብሰባ አጀንዳ እናስይዛለን።»

«ማነው የሚነግራቸው?»

ባንኮኒው ላይ ያለውን የመኪናዬን ቁልፍ አየ። እኔ ነኛ። ቅዳሜ መኪና ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። እሺ አልኩት። ልክ ነው ብዬ አምኜበት ነው እሺ ያልኩት፣ ማንም አላስገደደኝም። ይኼም ይጻፍ።

ጥቅምት 14፣ ቅዳሜ

መረቡን አድርሰን መጣን። ስንሄድ ንግግሬን ፈተና እንዳለባት ተማሪ ስሸመድድ ነበር። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት...» አልኩና ሬዲዮውን ከፈትኩ።

ስንመለስ ራሳቸው ጀመሩት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው።

«አንቺ ልጅ» አሉ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ለእሳቸው ግን ልጅ ነኝ። «እውነቱን ንገሪኝ። አርጅቻለሁ እንዴ? ለቦታው አልሆንም?»

የንግግሩን በር ራሳቸው ከፈቱልኝ። ከዚህ በላይ ምን ይደረግልኝ? አፌ ግን...

«ኧረ ጋሼ! እርስዎ? ገና ነዎት። እኛን ሁሉ ቀብረው ነው የሚሄዱት።»

ሳቁ። ደስ አላቸው። ቤታቸው እስክንደርስ ስለ ድሮ ጨዋታ አወሩኝ፤ የተጫዋቹን ስም ሲረሱ እኔ እየሞላሁላቸው። ሲወርዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ተባረኪ» አሉኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታም አይደለም። እያወቅኩ ነው። ደግ ሆኜ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ፈርቼ ነው።

ጥቅምት 15፣ እሁድ

ጠበቃው ደወለ። «ነገርሻቸው?» አዎ፣ ፍንጭ ሰጥቻቸዋለሁ አልኩት። ፍንጭ...

ጥቅምት 17፣ ማክሰኞ

እየጣደፍኩ ነው የምጽፈው። ነገ ይህን ጽሑፍ እኔም አላነበውም። ቢሆንም።

አጀንዳ አራት «የሊቀመንበሩ ጉዳይ» ይላል። የተየብኩት እኔው ነኝ። በእኛ ኮሚቴ የአንድ አባል ጉዳይ ሲነሳ ባለጉዳዩ ኮሪደር ወጥቶ ይጠብቃል። ለቅጣትም ያው፣ ለሽልማትም ያው። አምና ሒሳብ ሹሙን አስወጥተን የተማከርነው የእጅ ሰዓት እንሸልመው ብለን ነበር።

ጋሼ አጀንዳውን አነበቡና ፈገግ አሉ። ሽልማት መሰላቸው። ለምን አይመስላቸው? ገና ነዎት ተብለዋል። ኮታቸውን ይዘው ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «ኬክ ካሰባችሁ ትንሽ ይሁን፣ ስኳር አለብኝ» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ጠበቃው አፍጥጦ አየኝ። እንዳልነገርኳቸው ያን ጊዜ ገባው። ቆይ፣ ሰውዬው አያውቁም፣ ሌላ ቀን እናድርገው... ይህን ለማለት ጊዜ ነበረኝ። ጠበቃውም ጊዜ ነበረው። ቀጠልን።

«የሚደግፍ እጁን ያውጣ።»

አወጣሁ። በበሩ መስታወት በኩል ይታዩኛል፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ክራባታቸውን ያስተካክላሉ። ከስፖርት መምህሩ በቀር ሁላችንም አወጣን። እሱ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፎ ቁጭ አለ።

ተጠርተው ገቡ። ጠበቃው ውሳኔውን አነበበ፤ ለረጅም ዘመን ስላበረከቱት ምናምን። ጋሼ ቆመው ሰሙ። ፈገግታው ፊታቸው ላይ ቀርቶ ነበር፣ ማንሳቱን ረስተውት። ከዚያ «እሺ» አሉ። «እሺ እንግዲህ።» ኮታቸውን ሳይለብሱ ወጡ።

ጥቅምት 18፣ ረቡዕ

ጋሼ ደወሉ። ሊያጽናኑኝ! «አንቺ ልጅ፣ እንዳይከፋሽ። አንድ ሰው እጁን አላወጣም ብለውኛል። ማን እንደሆነ መጠየቅም አላስፈለገኝ።»

ምን አልኩ? ምንም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔው ግን ስልኩን ሳልዘጋ ነቀዘ።

ጥቅምት 20፣ ዓርብ

ባለቤቴ ለምን ምግብ እንደጠላሁ ጠየቀኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩት። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለና ሳህኑን አነሳ። ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልቻልኩም፣ ነገርኩት። እሱም ሂጂና ንገሪያቸው አለ። አፍ አውጥቶ መናገር ለእሱ ቀላል ነው።

ጥቅምት 22፣ እሁድ

ሄድኩ።

ጋሼ ሳሎን ውስጥ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍተው ጨዋታ ያያሉ። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። እጄን ማውጣቴን፣ ለጠበቃው የዋሸሁትን፣ ሁሉንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ቴሌቪዥኑን ዘጉ። «እጅሽን ስላወጣሽ አይደለም» አሉ። «እሱ መብትሽ ነው። ግን ጠይቄሽ ነበር እኮ። ለብቻሽ። አምኜሽ።»

«ጋሼ፣ ይቅር...»

«በይ አሁን ሂጂ።»

እስከ በሩ የሸኙኝ ባለቤታቸው፣ እትዬ ናቸው። በሩን ገርበብ አድርገው ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩኝ። «ልለቅ ነው ብሎኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት። ‹ልጅቷን ልጠይቃት፣ እሷ አትዋሸኝም፤ በቃህ ካለችኝ ማክሰኞ ራሴ ተነስቼ እሰናበታቸዋለሁ› አለኝ። ቤት ስታደርሺው ደግሞ ‹ገና ነህ አለችኝ› ብሎ እየሳቀ ገባ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ኅዳር 8፣ ማክሰኞ

ተጠባባቂ ሊቀመንበር አደረጉኝ። ኮሪደር ወጥቼ ጠብቄ። እምቢ ልል አስቤ ነበር... አላልኩም። መርሐ ግብሩን ማን ይያዘው? ሰበብማ መቼ አጥቼ አውቃለሁ።

ጋሼ ስልኬን አያነሱም።

ታኅሣሥ 18፣ እሁድ

አዳራሹ ሞልቷል። ያን ቀን ዝናብ የመታቸው ልጆች ዛሬ በትክክለኛ ቀናቸው መጥተው ይጫወታሉ።

ከሁለተኛው ዙር በፊት ጋሼ ገቡ፣ እትዬ ክንዳቸውን ይዘዋቸው። ከዚያ እሁድ ወዲህ አላየኋቸውም። ከስተዋል። መደበቂያ ፈለግሁ፤ ሊቀመንበር ደግሞ የት ይደበቃል? አዩኝ። በእጃቸው ነይ ነይ አሉኝ። ይቅር አሉኝ ማለት ነው ብዬ እየተደነቃቀፍኩ ወደ ተመልካቾቹ መቀመጫ ወጣሁ።

በእሳቸውና በጠበቃው መካከል አስቀመጡኝ። የስፖርት መምህሩ ከኋላችን ነው። እጄን ያዙና ለጠበቃው፣ «ይህችን ታያታለህ?» አሉት። «ሁላችሁም እጃችሁን ስታወጡብኝ እሷ ብቻ ናት ያላወጣችው።»

የቀለዱብኝ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ የለበትም። ፊታቸው በርቷል። እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ቤት መምጣትሽን አያስታውስም» አሉኝ። «ሐኪሙ እየባሰበት ይሄዳል ብሏል። ተዪው፣ ደስ ብሎታል።»

የስፖርት መምህሩ ሰምቷል። እጁን ያላወጣው እሱ። የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ ማሰር ጀመረ። ጠበቃው ሜዳው ላይ አፍጥጧል፤ ሜዳው ላይ ግን ማንም የለም፣ ልጆቹ ዳር ወጥተው ውሃ እየጠጡ ነው።

ልንገራቸው? እንደገና? እንደ አዲስ እንዲያማቸው? ለማን ብዬ... ለእሳቸው ነው ወይስ እኔ እንድገላገል? ባልነግራቸውስ? መኪና ውስጥ ያደረግኩትን እዚህ ልደግመው ነው፣ ያውም የመምህሩን ውለታ ወስጄ፣ እሱ እየሰማ።

«አይደለም እንዴ?» አሉኝ ጋሼ።

ሁሉም ጆሯቸውን ጥለዋል።

«ነው ጋሼ» አልኩ።

ጨዋታው እስኪያልቅ እጄን አልለቀቁም።