የአዴ ፋጡማ ሁለተኛ ገጽ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፤ ከቀኑ 9፡30

አሁንም ጥቁር። ማህደሩ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፣ ስልክ ላይ ጥቁር። ደብተሬ፣ አንቺንም ሳላሰለችሽ አልቀረሁም። ነገሩ ያው ነው፤ የመሬት ጽ/ቤቱ የድሮ ማህደሮች ስካን ሲደረጉ ቲፍ በሚባል የምስል ዓይነት ነው የተቀመጡት። ስልክ ቲፍን አያውቀውም። ቀያሾቹ ደግሞ መሬቱ የማን እንደሆነ ሊያጣሩ ረቡዕ ስልካቸውን ይዘው ወደ ሲሬ ገጠር ይወጣሉ። ባልደረባዬ ዳንኤል፣ ስልኩ ሲከፍተው ወደሚያውቀው የምስል ዓይነት፣ ወደ ጄፔግ ይቀየር ይላል። እሺ። ልጻፈው።

ማክሰኞ 11፤ 11፡00

ተከፈተ። አንድ ማህደር፣ ሁለት፣ አሥር። ዳንኤል በአሮጌውም በአዲሱም ስልክ ሞከረው። አልሐምዱሊላህ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እንቅልፍ ብቻ ነው ያማረኝ።

ዓርብ 14

የጽ/ቤቱን ኮምፒውተር ላስተካክል ሄድኩ። አግዳሚው ላይ አዴ ፋጡማ የሚባሉ ሴትዮ ተቀምጠዋል፣ አዴ እንደ እመት ነው፣ የእናቴ እኩያ፣ ከሲሬ የመጡ። ባላቸው ሞተዋል። የባላቸው ወንድም መሬቱ የወንድሜ ብቻ ነው አለ፤ ቀያሹም ስልኩን ከፍቶ የእርስዎ ስም የለም አላቸው፣ ጽፎም ፈረመበት። ማክሰኞ መሬቱ ወደ ወንድምየው ይዞራል። ጸሐፊዋ፣ የስልኩን ፕሮግራም የሠራው እሱ ነው ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ማህደሩን በስልኬ ከፈትኩላቸው። አንድ ገጽ። የባል ስም፣ የባል ፎቶ። በቃ።

በኦሮምኛ ነው ያወራነው። የለም አልኳቸው፣ በገዛ አፌ።

«ልጄ፣ ጣቴን ቀለም ነክሬ አትሜያለሁ። ጣቴ የት ሄደ?»

የማህደራቸውን ቁጥር ጽፌ ያዝኩ። ምሳ አልበላሁም።

ቅዳሜ 15፤ ከጠዋቱ 4፡00

አልለቅ አለኝ። የማህደራቸውን ዋና ፋይል ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ከታች በትንሹ «1 ከ 3» ይላል። ወይ ጉዴ! አንድ ቲፍ ብዙ ገጽ ይይዛል፣ ጄፔግ አንድ ብቻ። የእኔ ኮድ የመጀመሪያውን አውጥቶ ሌላውን ይተወዋል። ሁለተኛው ገጽ ላይ፦ ፋጡማ፣ ሚስት፣ አሻራ። ሰማያዊ፣ ደህና ተደርጎ የተጫነ።

ባላውቅ ባልተናደድኩ። አውቅ ነበር። ኮዱ ውስጥ «ሌሎቹ ገጾች፣ በኋላ» ብዬ በእጄ ጽፌያለሁ። ደክሞኝ ነበር። ለእሳቸው ምን ይፈይዳል፣ የእኔ ድካም።

እሑድ 16

ተስተካከለ። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም፤ ይሄ ነው የሚያቃጥለው።

ዳንኤል ከቸርች በቀጥታ መጣ። አብዛኞቹ ማህደሮች ባለ ብዙ ገጽ ናቸው አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ አዲሱን እንላክላቸው፣ ማሻሻያ ነው እንበል፣ ማንም አይጠይቅም። ካወቁ ሥራውን ይነጥቁናል፣ እኔ ሁለት ልጅ አለኝ አለ። እውነቱን ነው። ግን ቀያሹ የፈረመበት ወረቀት በማሻሻያ አይቀየርም። እንደ አዴ ፋጡማ ስንት ሰው የለህም፣ የለሽም እንደተባለ አላውቅም። ተጣላን። ደህና ዋልም ሳይለኝ ወጣ። አዘንኩ፣ እንደ ወንድሜ ነው እኮ።

ሰኞ 17፤ ከጠዋቱ 1፡40

ኃላፊውን ገና ቤቱ እያለ ደወልኩለት። ከረቡዕ ጀምሮ በስልክ የታየ ማህደር ሁሉ እንደገና ይታይ፣ የነገው ዝውውር ይቁም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። በጽሑፍ ታመጣዋለህ ወይ አለኝ። አመጣዋለሁ አልኩ።

ደብዳቤው አልቋል። የፈራሚ ቦታው ሁለት ነበር፤ የዳንኤልን አጠፋሁት። እሱ ልጆች አሉት። የአሻራውን ገጽ ፕሪንት አድርጌ አያይዤበታለሁ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ጽ/ቤቱ 2፡30 ይከፈታል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሲሬ። በሰው መልእክት አልልክላቸውም። የለም ያልኳቸው ፊት ለፊት ነው፣ ጣትዎ ማህደሩ ውስጥ አለ የምላቸውም ፊት ለፊት ነው።