የሳልሜ ቀሚስ ፀጉሩ ምንድነው?

ሜይ 14
መረብ ስጠግን ዋልኩ። ወገቤን... ጎረቤቴ ሳልሜ በሞተር ሳይክሏ አለፈች። ቀሚሷ ጠቆረብኝ። ባርኔጣዬን አውልቄ «እግዜር ያጽናሽ» አልኳት። ገላመጠችኝ። ምን አድርጌያት ነው? ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ። ሐዘኗን ጨርሳ ቀይ ቀሚስ እስክትለብስ ድረስ በጁን ለሚነደው የቅዱስ ዮሐንስ እሳት ጭፈራ አብረን እንሂድ ማለት ነውር ነው። በጥቁር ቀሚስ ማን ይጨፍራል?

ችግሩ... ቀይና ጥቁር ለኔ አንድ ነው። ይህን የምታውቀው ሟች ሚስቴ ማሬት ብቻ ነበረች። በመስኮት አይታ «ሳልሜ ጥቁር ለብሳለች፣ ባርኔጣህን አውልቅ» ትለኝ ነበር። አሁን ማን ይንገረኝ? ሰው ልጠይቅ? ሞቼ ነው! ለማንኛውም አጽናናለሁ።

ሜይ 15
ዓሣ የለም። ሳልሜን አጽናናሁ።

ሜይ 21
ከታርቱ ከተማ ኪርስቲ የምትባል ተማሪ ወደ ደሴታችን ወደ ኪህኑ መጣች። ለሽማግሌ ሁሉ ባለቀለም ካርድ እያሳየች የቀለም ስም ትመዘግባለች። ስሞቹ ከየት እንደመጡ ማወቅ ነው ሥራዋ። ሥራ አለብኝ አልኳት። ሳልሜ ሰምታ «ተዪው፣ ፊደል አያውቅም፣ ፈርቶ ነው» አለች። እኔ? ይኸው እየጻፍኩ አይደል! ነገ ነይ አልኳት። ...ምን ነካኝ?

ሜይ 22
ኪርስቲ ካርዶቿን ይዛ መጣች። የመጀመሪያው ካርድ ጭቃ መሰለኝ። ሁለተኛውም ጭቃ። የቀለም ስም ተሳስቼ ከምዋረድ ያገኘሁትን ነገር ልጥራ አልኩ።

«ሣር።»

ኪርስቲ አጨበጨበች። «በቋንቋችን አረንጓዴ የምንልበት ቃል እኮ ከሣር ነው የወጣው፣ አባባ!»

ቀጣዩን «የላም ጀርባ» አልኩ። «ፀጉሩ።»

ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ቀይ የምንልበት ቃል ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ፀጉር ማለት ነበር አለች። ይሄ ምን ይገርማል? እኛ እስከዛሬ ቀለም ስንጠይቅ «ፀጉሩ ምንድነው?» ነው የምንለው፣ ለጀልባም ቢሆን።

«እርስዎ የቋንቋው ሥር ነዎት!»

አገጬን ቀና አደረግሁ።

ሳልሜ በሩ ላይ ካልሲ እየሠራች ተራዋን ትጠብቃለች። ኪርስቲ ወደ ቀሚሷ ጠቆመች። «ይሄስ ፀጉሩ ምንድነው?»

ማጽናናት ለምዶብኝ... «ሐዘን» አልኩ።

«ለቀይ? እንዲህ የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም!» ጻፈችው።

ቀይ?!

ሳልሜ የካልሲውን መርፌ ጣለች። «አንተ ሽማግሌ! ከፋሲካ ጀምሮ እኮ ቀይ ነው የለበስኩት! ለዚህ ነው በየቀኑ የምታጽናናኝ? እኔ ሞቴን የምታሟርትብኝ መስሎኝ!»

ዝም ካልኩ ኪርስቲ በምትጽፈው መጽሐፍ ውስጥ ልገባ ነው። የቋንቋው ሥር... ግን ሳልሜ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ሰርዢው፣ ልጄ» አልኩ። «ቀይ አይታየኝም። ታይቶኝም አያውቅም።»

ሳልሜ ስትስቅ ከነበርጩማዋ ወደቀች። ኪርስቲ ሐዘንን ሰረዘች። ሣሩንም፣ ፀጉሩንም። ፀጉሩ ይቆጨኛል።

ሳልሜን ላነሳት ጎንበስ ብዬ፣ እዚያው መሬት ላይ እንዳለች ጠየቅኋት። ለእሳቱ...

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስታጽናናኝ ከርመህ? እስቲ አስብበታለሁ» አለች።

ጁን 24
ወገቤ የለም። ትናንት እሷ ሞተሩን ነዳች፣ እኔ በጎኑ በተገጠመው ወንበር እንደ ድንች ጆንያ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ አየኝ። ይየኝ። ጨፈርን።

ዛሬ ጠዋት መስኮቴን አንኳኳች። «ቀይ ነው! ባርኔጣህን እንዳታወልቅ!»

አወለቅሁት። ማን ያዝዘኛል?