ሁለት አረንጓዴ በሮች

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ደረስኩ። ማሰልጠኛ ማዕከሉ ድሮ የብስኩት ፋብሪካ ነበር አሉ፤ አሁን ሚስዮናዊ ይጋገርበታል። ክፍላችን ጠባብ ናት። አንዱ ሲለብስ ሌላው አልጋ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል።

ደንቡ ሚስዮናዊ ብቻውን አይሄድም ይላል። ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንኖረው፤ አንዱ ሽንት ቤት ሲገባ ሌላው ደጅ ይቆማል። እኔ የደረሰኝ ከአንድ ሀገር፣ በአንድ አውሮፕላን አብሮኝ የመጣው ልጅ ነው። ያን ሁሉ መንገድ የተናገረው "ብርድ ልብሱን ትፈልገዋለህ?" ብቻ። ጥላዬ ብዬዋለሁ። ይከተላል፣ አይናገርም።

አባባ ደወለ። አባባ ሰባኪ ነው፤ ማይክራፎኑ እረፍት የሚለምነው ዓይነት።
"ጀመርክ?"
"ሻንጣዬን እንኳ አልፈታሁም አባባ።"
"ሐዋርያት ሻንጣ አልነበራቸውም።"

ጉባኤው ፊት አቁሞ ሲሸኘኝ "ይህ ልጅ ሥራውን ሳይፈጽም እግሩ እዚህ አይረግጥም" ብሎ አውጆብኛል። ሕዝቡ አሜን አለ። ሥልጠናውን ሳላልፍ ብመለስ በየትኛው በር እገባለሁ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

አሰልጣኛችን የሀገራችን ሰው ነው። እዚህ ኖሮ ኖሮ ፀጉሩን እዚሁ ጨርሷል። የሚናገረው ሁሉ "በደንቡ መሠረት" ብሎ ይጀምራል። ጋሽ ደንብ ብዬ ስም አወጣሁለትና ለጥላዬ ነገርኩት። ፊቱ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሳቀ? ወይስ ጥርሱን አሞታል?

ልምምዱ እንዲህ ነው። በሰፈሩ ያሉ ምእመናን በፈቃዳቸው እምቢተኛ ይሆኑልናል። እናንኳኳለን፣ ያባርሩናል። አንዱ ተቆጪ ይሆናል፣ አንዷ ሥራ የበዛባት፣ አንዱ ሐዘንተኛ። ከዚያ ስለ እኛ ያዩትን ለጋሽ ደንብ ይነግሩታል። ያለፈ ወደ መስክ። ያላለፈ ይደግማል። ተስፋ የሌለው በመጣበት አውሮፕላን።

"በደንቡ መሠረት ሦስቴ እምቢ ሳይባል ከበር የሚመለስ" አለ ጋሽ ደንብ፣ "ፖስታ አዳይ ይሁን።"

የሀገሩን ቋንቋ እኔ ቀደም ብዬ ተምሬዋለሁ። ጥላዬ ሰላምታ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ሥራ ተከፋፈልን፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ጃንጥላ ይይዛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የመጀመሪያ በር። አንዲት አስተማሪ፤ ሚናዋ "ሥራ በዝቶብኛል" ማለት። ሦስቴ አለች። በአራተኛው ላይ ድስቷ አረረ። እሱ ትወና አልነበረም።

አስተያየቷ፦ "ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግን መሀል ላይ ትንፋሽ ይውሰድ።"

ጎበዝ ነው አለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ዛሬ ታሪክ ሠራሁ።

ጋሽ ደንብ "ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር። ተቆጪ ነው፤ ጠንቀቅ በሉ" ብሎ ላከን። በሩ ጋ ስንደርስ ጥላዬ እጅጌዬን ያዘ።
"ወንድሜ፣ ይሄ በር..."
"ቆይ፣ መግቢያዬን እያሰብኩ ነው።"
"አይ፣ ወዲያ ደግሞ ሌላ..."
"ጃንጥላውን ቀና አድርገው እባክህ።"

አንኳኳሁ። ሽማግሌ ከፈተ። ሸሚዙ እስከ ክርኑ ርሷል፣ ዓይኑ ፍም መስሏል።

"ሂዱ።" አንድ።

ቀጠልኩ።

"ባለቤቴን ከቀበርኳት ሳምንት አልሞላም። ሂዱልኝ።" ሁለት።

ተቆጪ ይሆናል ሲባል ሐዘንተኛ ሆኖ ብቅ አለ። ሊያጠምደን ሚናውን ለውጦ ኖሯል... እኔን? ዝግጅቱ ደግሞ ይገርማል። የሴት ነጠላ ጫማ እንኳ በሩ ሥር አስቀምጧል። አባባ እናቴ ያረፈች ጊዜ ለለቀስተኛው የሰበከውን ስብከት እንዳለ ለቀቅኩበት። ያኔ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። ሰውየው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። መንቀጥቀጡን የት ሆነው ይለማመዱታል?

"አንተ ልጅ፣ ልብ የሚባል አልፈጠረብህም?" ሦስት።

በደንቡ መሠረት ጨረስኩ። እጄን ዘረጋሁለትና፣ "ጋሼ፣ ድንቅ ነው። እንዲህ ያለ ሐዘንተኛ በመድረክም አላየሁ። እጅጌዎ ላይ ያለው ውሃ ብቻ ትንሽ በዝቷል" አልኩት።

በሩን ዘጋው። አዘጋጉ ራሱ ሙያ አለው።

ጥላዬ እስክንመለስ ደጋግሞ ወደ በሩ ዞሮ አየ። ቀንቶብኝ ይሆን?

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ወይ ጉድ።

ከጸሎት በኋላ አንድ ግድግዳ የሚያክል ሰው ወደ ጋሽ ደንብ መጣ። ሥጋ ሻጭ ነው። "ትናንት ቁጣዬን አሙቄ ስጠብቅ ዋልኩ" አለ። "ማንም አላንኳኳም። ቁጣው ተርፎ ለሚስቴ ሆነ።"

ጋሽ ደንብ ወደኛ ዞረ።
"የት ነው የሄዳችሁት?"
"አረንጓዴው በር።"
"የትኛው አረንጓዴ?"

የትኛው ማለት ምን ማለት ነው?

ዳቦ ቤቱ ጀርባ ሁለት አረንጓዴ በር አለ። በአንዱ ሥጋ ሻጩ ይኖራል። በሌላው ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር። ሚስቱ በቅርቡ ሞታበታለች። እውነት። ዓይኑም እውነት፣ ጫማውም እውነት።

"ውሃው በዝቷል ብዬዋለሁ እኮ" አልኩ።
"ምን ውሃ?" አለ ጋሽ ደንብ።

ነገርኩት። ደንብ ሁሉ ጠፋበትና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ሥጋ ሻጩ ራሱን ነቀነቀ። "እኔ ቢላ ይዤ የምውለው እንኳ እንዲህ አልጨክንም።"

ፍርዱ፦ ነገ ሄደን ይቅርታ እንጠይቃለን። ሰውየው ለሰፈሩ ሰው አቤት ካለ ማዕከሉ እዚህ ሰፈር በር የሚያንኳኳበት ፊት የለውም፤ እኔም በመጣሁበት አውሮፕላን። አባባ፣ ጉባኤው፣ ያ ሁሉ አሜን...

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት ጥላዬን።
"ልነግርህ ነበር።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህብኝ ነበር። እሱ ካልሲውን አጠፈ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ይቅርታዬን በሦስት ክፍል አዘጋጀሁ። መግቢያ፣ ጥቅስ፣ መደምደሚያ። መንገዱን ሁሉ ሳነበንብ ሄድኩ።

በሩ ተከፈተ። መግቢያው ጠፋ። ጥቅሱን ፈለግኩ፣ እሱም የለም። የሰባኪ ልጅ፣ የገዛ ጫማዬን አፍጥጬ ማየት ያዝኩ።

ጥላዬ ጃንጥላውን አጥፎ ግድግዳው ላይ አስደገፈና አልፎኝ ሄደ። በራሳችን ቋንቋ፣ ሰውየው አንዲት ቃል በማይሰማው ቋንቋ፣ ጎንበስ ብሎ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አለው።

ሰውየው አየው፣ አየውና ከደጃፉ ዞር አለልን።

ተቀመጥን። ማንም ምንም አይልም። ዝም ማለት እንዴት ነው የሚጀመረው? እጅ የት ይደረጋል? ጥላዬን ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ ጉልበቱ ላይ ነው ያደረገው። እኔም አደረግኩ። ስብከቴ ሁለት ጊዜ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። ከሳል መድኃኒት ይመርራል።

ቆይቶ ሰውየው፣ "የምታጥበው እሷ ነበረች" አለ።

ወጥ ቤት ወሰደን። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ወለሉ ላይ ውሃ ይተፋል። ነጩንም ቀዩንም ባንድ ላይ ከቶት ሸሚዙ ሁሉ ሮዝ ሆኗል። ለካ ቅዳሜ ክርኑ ድረስ የራሰው ከዚህ ጋር ሲታገል ነው። አንድ ከተማ ሕዝብ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ይቺን ማሽን መንዳት አቃተው።

ጥላዬ እጅጌውን ሰበሰበ። ተከተልኩት። ጨመቅን፣ ወለወልን፣ አሰጣን። ነጩ ለብቻ፣ ቀለም ያለው ለብቻ መሆኑን ጥላዬ በእጁ እያሳየ አስተማረን። ሰውየውንም እኔንም። ጓሮው የሮዝ አበባ ማሳ መሰለ።

ስንወጣ ሰውየው ክንዴን ያዘ።
"ዛሬስ እንዴት ነበርኩ? ውሃው ቀነሰ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። ከሦስቱ ክፍል የተረፈችው ይቺ ናት።

"ሐሙስ አንሶላ አለ" አለና ዘጋው። በቀስታ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ጋሽ ደንብ ጠራን።
"ምን ሰበካችሁለት?"
"ምንም።"
"ስንቴ እምቢ አለ?"
"አንዴም።"
"ታዲያ ምን ብዬ ልመዝናችሁ?"

ጥላዬ "ንጹሕ ነበር" አለ። ስለ ልብሱ ነው መሰለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ትናንት አንሶላውን አጠብን። ሰውየው ማሽኑን ራሱ አስነሳ፤ ጥላዬ አጠገቡ ሲቆም ተሳፋሪ መሰለ።

ዛሬ ውጤት። ጥላዬ አለፈ። እኔ እደግማለሁ።

"ወደ ቤትህ አልሰድህም" አለ ጋሽ ደንብ። "ሰውየው ማንንም አልከሰሰም፤ እንዲያውም ዳቦ ቤት አግኝቶኝ 'ልጆችህ ደህና ናቸው?' አለኝ። አንተ ግን ገና እግርህ ሳይገባ አፍህ ይገባል።"

ልመልስለት የምችለው ቢያንስ አራት ነገር ነበረኝ። "እሺ ጋሼ" አልኩ።

የጥላዬን ሻንጣ ተሸክሜ ሸኘሁት። ሲያቅፈኝ አጥንቴ ጮኸ።
"ጋሽ ደንብ ያልከው ጊዜ በጣም ነው የሳቅኩት" አለኝ።

እንግዲህ የሱ ሳቅ ያ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

አባባ ደወለ።
"አለፍክ?"

ለዚች ጥያቄ ስንት መልስ አጠራቅሜ ነበር። ገና እየተጣራ ነው... እዚህ ሀገር አሠራሩ ይለያል...

"አላለፍኩም አባባ። እደግማለሁ።"

ዝም አለ። አባባ ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ አየሁት፤ ይሠራል። ዝምታውን አልነካሁትም። እዚያ ይተነፍሳል፣ እዚህ እተነፍሳለሁ።

"በልተሃል?" አለኝ በመጨረሻ።
"በልቻለሁ።"
"ምን?"
"ሾርባ።"
"ሾርባ ምግብ ነው?" ጉሮሮውን ጠረገ። "በል ምን እንደሆንክ ንገረኝ። ዛሬ ስብከት የለኝም።"

ሁሉንም ነገርኩት። የእናቴን ቀብር ስብከት በማን ላይ እንደለቀቅኩት ሳይቀር። አንዴም አላቋረጠኝ። ሮዝ ሸሚዞቹ ጋ ስደርስ ትንፋሹ ቆም አለ።

"እኔ ስሰብክ ኮቴን የማላወልቀው ለምን ይመስልሃል?"

ሙቀቱን የሚቋቋመው በጸጋ ነው ብለን ለጉባኤው ሁሉ ስናወራ ነበር።

"እናትህ ካረፈች ወዲህ አንድ ነጭ ሸሚዝ የለኝም" አለ።

ጥቅስ ነበረኝ። ተውኩት።

"ነጩ ለብቻው ነው የሚታጠበው፣ አባባ።"

"ቆይ ቆይ" አለ አባባ። ወንበር ሲጎትት ተሰማኝ። "ቀስ ብለህ ንገረኝ።"