«እናቲቱስ?» እያሉ የኖሩት የፈረስ አዋላጅ

ሴት አያታችን የዛሬ ሰባ አራት ዓመት ከጋሪ ነጂ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከፈረስ ጋጣ በአንድ ግድግዳ በምትለይ ቤት ውስጥ ተወለዱ። እርሳቸው እንደሚሉት መራመድ የተማሩት የፈረስ ጭራ ይዘው ነው። ታላቅ እህታቸው ግን የያዙት መጥረጊያ ነበር ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

በሠፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። በሳይንስ ጎበዝ ነበሩ፤ በመዝሙር ክፍለ ጊዜ ግን መምህራቸው አፋቸውን ብቻ እንዲያንቀሳቅሱ ለምነዋቸው ነበር። በሃያ ዓመታቸው በአንድ የፈረስ እርባታ ድርጅት ተቀጥረው አርባ አንድ ዓመት አገለገሉ።

ሥራ በገቡ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ግራጫ ባዝራ በእጃቸው ወለደች። ብቻቸውን ሲያዋልዱ የመጀመሪያቸው ነበር። ውርንጭላው ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ሳይውል ሳያድር ቆሞ የጠባ ነበርና የድርጅቱ ሰው ሁሉ ሊያየው ተሰበሰበ። አያታችንም ዓይናቸውን ከእርሱ መንቀል አቅቷቸው የእንግዴ ልጁን ሳይመረምሩ ቀበሩት። በማግስቱ ባዝራዋ መኖ አልነካም አለች፤ ሰውነቷ እንደ እሳት ጋለ፤ በፊት እግሮቿ መርገጥ ተሳናት። የእንስሳት ሐኪሙ ሲመረምሯት መዳፍ የምታህል የእንግዴ ልጁ ቁራጭ ማሕፀኗ ውስጥ ቀርታ ኖሯል። ሐኪሙም «አንቺ ልጅ፣ ውርንጭላውንማ ሁሉም አየው፤ እናቲቱንስ ማን አያት?» አሏቸው።

ሐኪሙ ማሕፀኗን አጥበው መድኃኒት ሰጡ። አያታችን ደግሞ ሕመሙ ወደ ኮቴዋ ወርዶ እንዳያበላሸው እግሮቿን በበረዶ ባልዲ ነክረው፣ በረዶ ሲቀይሩ አራት ቀን ከአጠገቧ አልራቁም። ኮቴ ሊመለከቱ የተጠሩት የፈረስ ጫማ መቺ «ባዝራዋስ ትድናለች፤ አንቺ ግን በብርድ ልታልቂ ነው» ብለው ካፖርታቸውን ደረቡላቸው። ባዝራዋ ዳነች። ካፖርቱ ሳይመለስ ቀረ፤ በዓመቱም ተጋቡ። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

ከዚያ ወዲህ አያታችን አንድም የእንግዴ ልጅ ሳይዘረጉ አልጣሉም። ሲዘረጋ ሱሪ ስለሚመስል «ሱሪው» ይሉት ነበር። ሁለቱም እግሮቹ እስከ ጫፋቸው ካልተሟሉ፣ ወይም በሦስት ሰዓት ውስጥ ካልወጣ፣ ሐኪም ሳያስጠሩ አይቀመጡም። አምስት ቀን ጠዋትና ማታ የባዝራዋን ሙቀት ይለካሉ፤ ጡቷን ይዳስሳሉ፤ ለብ ያለ ውሃና የራሰ ፉርሽካ ያቀርቡላታል። አንድ ጊዜ ሱሪውን የሚዘረጉበት ሸራ አጥተው የምግብ ጠረጴዛውን ላስቲክ ይዘው ቢሄዱ ወንዱ አያታችን «ሴትዮ፣ እራት የምንበላበት እኮ ነው!» ብለው ጮኹ። የሚስታቸው መልስ «ታዲያ አጥቤዋለሁ» የሚል ነበር።

ታላቋ ልጃቸው ስትወልድም የሕፃኑን አልጋ አልፈው በቀጥታ ወደ አዋላጇ ሄዱና «ሱሪው ሙሉ ነው?» ብለው ጠየቁ። አዋላጇ ግራ ተጋብታ «እማማ፣ ሕፃኑ ገና ልብስ አልለበሰም» አለቻቸው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ያ ሕፃን በአያቱ የታየው የእናቱ ሙቀት ከተለካ በኋላ ነው።

ባደረባቸው የልብ ድካም ለሁለት ወር በሐኪም ሲረዱ ቆዩ። ባለፈው ማክሰኞ፣ ሥራቸውን የወረሰችው ታናሿ ልጃቸው ከነቦት ጫማዋ ሆስፒታል ገብታ፣ የግራጫዋ ዘር የሆነች ባዝራ መውለዷን አበሰረቻቸው። የውርንጭላውን ፎቶ ብታሳያቸው ስልኩን በእጃቸው ገፋ አድርገው «እናቲቱስ?» አሉ።

«በልታለች፤ ትኩሳት የላትም፣ እማዬ።»

«ሱሪው?»

«ዘርግቼ አይቼዋለሁ። ሁለቱም እግሮቹ ሙሉ ናቸው።»

«በይ እንግዲህ አሁን ውርንጭላዬን አሳዪኝ» አሉና ፎቶውን ረጅም ሰዓት እየሳቁ ተመለከቱ።

ሐሙስ ጠዋት፣ በባለቤታቸውና በልጆቻቸው መካከል ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችን፣ ሰባት የልጅ ልጆችንና ያንን ካፖርት ትተውልናል።

ዛሬ «እናቲቱስ?» ብሎ ለሚጠይቀን ሁሉ መልሳችን ይህ ነው፦ ብዙ ደክመው ነበር፤ አሁን አርፈዋል። ፈጣሪ እርሳቸው እናቶችን ሁሉ እንደተንከባከቡ ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያኑርልን።